ቤተሰብ ይዞ ጌዘርስበርግ፦ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የግብርና ፌር አንድ ቀን እንዴት ይዋላል

የሞንትጎመሪ ካውንቲ የግብርና ፌር (የእርሻና የእንስሳት ትርኢት) በየዓመቱ በኦገስት አጋማሽ ሜሪላንድ ውስጥ ጌዘርስበርግ ላይ ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ያለ ነው። አርብ ተከፍቶ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ስለሚዘጋ ዘጠኝ ቀን ይቆያል። በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ብዙዎቻችን ፌሩን የምናውቀው በማታ መብራቱና በሚሽከረከሩት መጫወቻዎቹ ነው። ከሥራ መልስ ልጆች ጭነን እንሄዳለን፣ ሰልፍ እንቆማለን፣ ገንዘባችን መጫወቻ ላይ ያልቃል፣ በረቶቹን ሳናይ እንመለሳለን።

ይህ መመሪያ ቀኑን ገልብጣችሁ እንድትውሉት ነው፤ በጠዋት ገብታችሁ እንስሳቱንና አርቢዎቹን አስቀድሙ፣ መጫወቻውን ለመጨረሻ አቆዩት። በተለይ ደግሞ ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እናትና አባት ካሏችሁ እነሱን ይዛችሁ ሂዱ። እዚህ የመጣ አያት አብዛኛውን ቀን ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሰው ቋንቋ ሲሰማ ይውላል። በረት ውስጥ ግን አዋቂው እሱ ነው። ልጆቻችሁ አያታቸው ከማንም በላይ የሚያውቁት ነገር እንዳለ በዓይናቸው የሚያዩበት ቀን ብዙ አይገኝም።

ቀኑን ከጾሙ ጋር አስተያይታችሁ ምረጡ

ፌሩ ከጾመ ፍልሰታ ጋር ይገጥማል። ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21። ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. ፌሩ ከነሐሴ 9 እስከ 17 ነበር። ነሐሴ 16 ቀን አርብ ስለዋለ ከዘጠኙ ቀን ፍስክ የነበረው የመጨረሻው ቅዳሜ ብቻ ነው። ስለዚህ አያት የሚጾሙ ከሆነ፣ ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ፣ ቀኑን ስትመርጡ መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቁ። ቅዳሴ ያለበትን ቀን ለቤተ ክርስቲያን ተዉት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሄድም ይቻላል፤ ነገር ግን ፀሐዩ በረታበትና ሕዝቡ በሞላበት ሰዓት እንደምትደርሱ እወቁት።

እኔ የምመርጠው የሥራ ቀን ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ካሉት አንዱን ፈቃድ ወስዳችሁ ብትሄዱ ሰልፉ ያጥራል፣ አርቢዎቹም ቁጭ ብለው ለማውራት ጊዜ ይኖራቸዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ግርግር ይበዛባቸዋል፤ ለሥጋ የተሸጡት እንስሳትም ስለሚወጡ በረቱ ሊሳሳ ይችላል። ልጆቻችሁ የአሮጌ መኪኖች ግጭት ለማየት ከፈለጉ ግን እሱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማብቂያው ነው፣ ትኬቱም ለብቻው ይሸጣል። ድምፁ ከባድ ስለሆነ ሕፃን ይዛችሁ አትግቡ።

ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የፌሩን ድረ ገጽ ከፍታችሁ የየቀኑን መርሐ ግብር ተመልከቱ። የወተት ላሞች ውድድር አንድ ቀን፣ በግ ሌላ ቀን፣ ፍየል ሌላ ቀን ነው። ውድድር ባለበት ቀን ከሄዳችሁ እንስሳቱን ታጥበውና ተበጥረው፣ ባለቤቶቻቸውን ደግሞ በሥራ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ውድድር በሌለበት ቀን ላሟም ልጁም ገለባ ላይ ተኝተው ልታገኙ ትችላላችሁ፤ እሱም ቢሆን ጥሩ ፎቶ ይወጣዋል።

ገንዘቡን ከቤት ሳትወጡ መድቡ

የመግቢያ ትኬት በኢንተርኔት አስቀድሞ መግዛት የበር ሰልፍ ያስቀርላችኋል። በቅርብ ዓመታት 11 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በነፃ ነበር የሚገቡት፤ ዋጋና ደንብ በየዓመቱ ሊለወጥ ስለሚችል በሄዳችሁበት ዓመት አረጋግጡ። ስለ ቦርሳ፣ ከውጭ ምግብ ስለማስገባት፣ ወጥቶ ስለመመለስና ማታ ላይ ወጣቶች ያለ ወላጅ ስለመግባታቸው ያለውን ደንብም እዚያው አንብቡ። የ15 እና የ16 ዓመት ልጆቻችሁ ለብቻቸው አመሻሽ ላይ ሊመጡ ካሰቡ ይህ በር ላይ ከመመለስ ያድናቸዋል።

ገንዘብ የሚበላው መጫወቻው ነው። ለእያንዳንዱ መጫወቻ በተናጠል ከመክፈል ይልቅ ቀኑን ሙሉ የሚያጫውተው የእጅ ማሰሪያ ለልጅ ያዋጣል፤ ቅናሽ ያለባቸው ቀናትም አሉ። ነገር ግን ማሰሪያውን ጠዋት ከገዛችሁ ልጁ «ገንዘብ ተከፍሎበታል» ብሎ በረት አልገባም ይላል። ከሰዓት በኋላ ግዙት። ለእያንዳንዱ ልጅ የተወሰነ ብር በእጁ ስጡትና ሲያልቅ አለቀ በሉት። አያት ኪስ እንዳይገባ ደግሞ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ አያት እንቢ አይሉም።

መንገዱ

ከሲልቨር ስፕሪንግ በ495 አውራ ጎዳና ወጥታችሁ 270ን ወደ ሰሜን መያዝ ነው፤ መንገዱ ካልተዘጋጋ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከአሌክሳንድሪያ አንድ ሰዓት ያዙ። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ 270 ወደ ሰሜን ይታነቃል፤ ጠዋት ለመሄድ አንዱ ተጨማሪ ምክንያት ይኸው ነው። ስትመለሱ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ስለሚሆን አትቸገሩም። መኪና ለሌለው በሜትሮ ቀይ መስመር ሼዲ ግሮቭ ድረስ ሄዶ ከዚያ የካውንቲውን ራይድ ኦን አውቶቡስ መያዝ ይቻላል። ራይድ ኦን እ.ኤ.አ. ከጁን 2025 መጨረሻ ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነፃ ሆኗል።

በር ላይ ጠዋት አራት ሰዓት፣ በስልካችሁ 10 ሰዓት ገደማ፣ ለመድረስ አቅዱ። በሩ የሚከፈትበት ሰዓት እንደየቀኑ ስለሚለያይ እሱንም መርሐ ግብሩ ላይ እዩት።

ምን ትለብሳላችሁ፣ ምን ትይዛላችሁ

የኦገስት ሙቀት እዚህ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፣ ወበቁም ከባድ ነው። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ድንገተኛ ዝናብ ይመጣል። ለሁሉም ኮፍያ፣ ለሕፃናት የፀሐይ ቅባት፣ ለእያንዳንዱ ሰው ውኃ፣ ለአንድ ቤተሰብ ቀለል ያለ የዝናብ ልብስ ያዙ። ጫማ የተዘጋ ይሁን፤ ሰንደል አድርጎ እበት የረገጠ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ይውላል፣ ላም የረገጠችው ደግሞ ሐኪም ቤት ይሄዳል። መድኃኒት የሚወስዱ አያቶች ሰዓታቸው እንዳያልፍ መድኃኒቱን በቦርሳችሁ ያዙላቸው። ስኳር ያለባቸው ከሆነ እየጾሙ በዚያ ሙቀት መንቀሳቀሱ ይከብዳልና ስለ ቀኑ ውሎ አስቀድማችሁ ከእሳቸውም ከሐኪማቸውም ጋር ተነጋገሩ።

አንድ ነገር ስለ ነጠላ፦ እማማ ነጠላቸውን ሳይለብሱ ከቤት አይወጡም፤ ፍየል ግን የተንጠለጠለ ጨርቅ ካየች ጥለቱን መቆርጠም ትጀምራለች። ፍየሎቹ ዘንድ ስትደርሱ አጣፍተው ያስሩት።

ጠዋት ከመኪና ስትወርዱ እያንዳንዱን ልጅ በዚያ ቀን ልብሱ ፎቶ አንሱት፤ ቢጠፋባችሁ «ምን ለብሶ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ስልካችሁ ላይ ነው። ለትንንሾቹ ስልክ ቁጥራችሁን ክንዳቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉላቸው። ለአያቶችም የልጃቸው ስምና ስልክ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት በኪሳቸው ይኑር። ከተጠፋፋን የምንገናኘው እዚህ ነው የምትሉትን ቦታ ሁሉንም እዚያው አቁማችሁ አሳዩአቸው።

መጀመሪያ ወደ በረቶቹ

ከገባችሁ በኋላ በመጫወቻዎቹ በኩል አትለፉ። ካርታ ይዛችሁ ወደ እንስሳቱ የሚወስደውን መንገድ ያዙ።

ከላሞቹ ጀምሩ። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬዋ ግዙፍ ላም ሆልስታይን ናት፤ አገር ቤት «የፈረንጅ ላም» የምንላት፣ ቢሾፍቱና ሰላሌ ላይ ከአገሩ ላም ጋር የተዳቀለችው። እዚህ በቀን 30 ሊትርና ከዚያም በላይ ትታለባለች። ከሁለት ሊትር ብዙም የማታልፍ የአገር ላም ሲያልቡ ያደጉ እናት ይህን ሲሰሙ ግቷን ጎንበስ ብለው ማየታቸው አይቀርም፤ የሚቀጥለው ጥያቄያቸውም ስለ ቅቤው ነው። መልሱ አጠገቧ የቆመችው ዳለቻ፣ ትንሽ፣ ዓይነ ትልቅ ላም ናት። ጀርሲ ትባላለች፤ ወተቷ ከሆልስታይን ያንሳል፣ ስቡ ግን ይበልጣል፣ ወደ አምስት በመቶ ይጠጋል። አገር ቤትም አዳ በርጋ ላይ ለዓመታት ስትረባ የኖረች ናት።

በጎቹ ዘንድ ስትደርሱ አባባ «ላታቸው የት ሄደ?» ማለታቸው አይቀርም። እነዚህ በጎች ከመጀመሪያውም ላት የሚያወጡ አይደሉም፤ ያላቸውን ቀጭን ጭራ ደግሞ እንደተወለዱ ያሳጥሩታል፣ እበት ይዞ ዝንብና ትል እንዳያመጣባቸው። ለውድድር የተሸለቱት በጎች ገላቸውን የሚሸፍን ልብስ ለብሰው ታያላችሁ። ንጽሕናቸው እስከ ውድድሩ ሰዓት እንዲቆይ ነው። ከፍየሎቹ መሐል ረጅም ጆሮዋ ወደ ታች የተንጠለጠለውን፣ አፍንጫዋ ጎበጥ ያለውን ፈልጉ። ኑብያን ትባላለች፤ እንግሊዝ አገር የተገኘችው ከአፍሪካ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሕንድ በሄዱ አውራ ፍየሎች ነውና ቆላ ያደገ ሰው መልኳን ያውቀዋል።

አሁን ዋናው ነገር፦ እንስሳቱን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፣ ባለቤቶቻቸውን አነጋግሩ። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ፎር ኤች የሚባል የወጣቶች ማኅበር አባላት ሲሆኑ ምልክታቸው በአረንጓዴ ባለ አራት ቅጠል ላይ የተጻፉ አራት የእንግሊዝኛ H ፊደሎች ናቸው፤ ራስ፣ ልብ፣ እጅና ጤና ማለት ነው። አንድ ጊዜ አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ከጀርሲ ጥጃዋ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የጭራዋን ጫፍ በማበጠሪያ ቋጠሮ በቋጠሮ ስትፈታ ቆሜ አይቻለሁ። ጥጃዋ ስትንቀሳቀስ ሳትቆጣት በመዳፏ ዳሌዋን መታ መታ ታደርጋታለች፣ ጥጃዋም ትረጋለች። ስሟን ስጠይቃት መጀመሪያ የነገረችኝ የጥጃዋን ስም ነው።

ልጆቻችሁ ምን ብለው እንደሚጠይቁ መኪና ውስጥ አዘጋጇቸው። ስንት ዓመቷ ነው? በቀን ምን ያህል ትበላለች? ማን ያልባታል፣ በስንት ሰዓት? ክረምት ላይ በበረዶ ምን ታደርጋላችሁ? ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ትነሣለህ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ልጃችሁ ራሱ ይጠይቅ፣ መልሱንም ከእኩያው አፍ ይስማው። አያት ደግሞ ጥያቄ ሲኖራቸው ልጁ ያስተርጉም። አማርኛው የተሰባበረ ቢሆንም ያስተርጉም፤ «ግት»፣ «ጊደር»፣ «ድርቆሽ»፣ «ወይፈን» የሚሉት ቃላት ነገሩ ፊቱ ቆሞ ሲማራቸው ነው የሚቀሩት።

ከመንካት በፊት ባለቤቱን ማስፈቀድ ግድ ነው። ላምን ከኋላ አትጠጉ፤ በትከሻዋ በኩል፣ እያያችሁ፣ ቀስ ብላችሁ። ሕፃን በጫንቃ ተሸክሞ በላሞች መሐል ማለፍም ጥሩ አይደለም። ለትንንሾች ተብሎ የተዘጋጀ፣ ጫጩቶችና ግልገሎች ያሉበት ቦታ ይፈለግላቸው።

ውድድሩን ተቀምጣችሁ ተመልከቱ

የውድድር ሜዳው ጥላ ያለው መቀመጫ ስላለው ለአያቶች ከግቢው ሁሉ የተሻለው ቦታ ነው። ብዙ ሰው ምን እንደሚካሄድ ስለማይገባው ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይሄዳል። ሥርዓቱን ካወቃችሁት ግን ሰዓት ያስረሳል።

የወተት ከብት ውድድር ላይ ልጆቹ ነጭ ልብስ ይለብሳሉ። ላሟን በአፍሳሯ ይዘው ፊታቸውን ወደሷ አዙረው ወደ ኋላ እየተራመዱ ቀስ ብለው ይዞራሉ። ዳኛው መሐል ላይ ቆሞ የግቷን አያያዝ፣ የእግሯን አቋም፣ የጀርባዋን ቅንነት፣ አረማመዷን ያያል። ከዚያ ያሰልፋቸዋል፤ ማይክ ይዞም ይህችን ከዚያች ያስቀደመው ለምን እንደሆነ ያብራራል። ከአገር ቤት የመጣ ሽማግሌ እንግሊዝኛውን ባይሰማም በዳኛው ፍርድ ላይ ክርክር ይጀምራል። ልጆቻችሁ ዳኛው ከመናገሩ በፊት ከአያታቸው ጋር አንደኛዋን ይገምቱ፤ ከከብት ገበያ የተመለሰ ዓይን ብዙ ጊዜ ከዳኛው ጋር ይገጥማል።

ሌላው የውድድር ዓይነት የሚዳኘው እንስሳዋን ሳይሆን ልጁን ነው። እንዴት ይይዛታል? ዓይኑ ከዳኛው ላይ ይነሣል ወይ? ብታስቸግረው ይረጋጋል ወይስ ይደነግጣል? ዳኛው ተጠግቶ መች እንደተወለደች፣ ምን እንደምትመገብ ሊጠይቀው ይችላል። በጉን በእጁ ብቻ ጉንጩን ደግፎ የሚያቆመው ልጅ ክብደቱ ከበጉ ብዙም የማይበልጥ ሊሆን ይችላል፤ ለውድድር የደረሰ ሙክት 50 እና 60 ኪሎ ነው፣ ሰንጋው ደግሞ ከ550 ያልፋል። ሽልማቱ ሪባን ነው፦ አንደኛ ሰማያዊ፣ ሁለተኛ ቀይ፣ ሦስተኛ ነጭ። ወይን ጠጅ ቀለም ካያችሁ የሻምፒዮኖች ነው።

ለሥጋ የሚያድጉት እንስሳት መጨረሻቸው ጨረታ ነው። ልጁ ጠቦቱን በፈረንጆቹ ፀደይ፣ ጥጃውን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ይገዛል፣ የመኖ ወጪውን በደብተር እየመዘገበ ያሳድጋል፣ ፌሩ ላይ ይሸጠዋል። የአካባቢው ነጋዴዎች ልጆቹን ለማበረታታት ከገበያ ዋጋ በላይ ይከፍላሉ፤ ብዙ ልጅ ለኮሌጅ የሚያስቀምጠው ገንዘብ ነው። የሚያለቅስም አለ። ይህን ከልጆቻችሁ አትደብቁ። እኛ ለበዓል በግ ከግቢ አስረን ያደግን ሰዎች ነን፤ እዚህ የተወለደው ልጅ ግን ሥጋን የሚያውቀው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። አያቱ አጠገቡ ሆነው ስለ ፋሲካ በግ ቢያወሩለት ማንም ሊያስረዳው ከሚችለው በላይ ይገባዋል።

እጅ መታጠብ፣ የአሳማው በረትም ጉዳይ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ጤነኛ የሚመስል ከብት፣ በግና ፍየል ኢ ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ በእበቱ ሊያወጣ ይችላል፤ አንዱ ዓይነት ከአምስት ዓመት በታች ያለን ልጅ ኩላሊት እስከ መጉዳት ይደርሳል። መከላከያው ቀላል ነው። ከበረት እንደወጣችሁ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 20 ሰከንድ ያህል ታጠቡ። የእጅ ማጽጃ ጄል ውኃ ከሌለ ይሻላል እንጂ ሳሙናን አይተካም። በረት ውስጥ ምግብ፣ ጡጦ፣ ሕፃን አፉ ውስጥ የሚይዘው ፓሲፋየር አይገባም። የልጅ ጋሪውን ጎማ የነካ እጅም እንደ እንስሳ የነካ ይቆጠር። ያልፈላ ወተት ማንም ቢያቀርብላችሁ አትጠጡ።

አሳማ የሚያሳድግ ቤት ያላደግን ብዙዎቻችን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የአሳማውን በረት መዝለል እንመርጣለን። ልጆች ግን የአሳማ ግልገሎችን እሽቅድምድም ማየት ይወዳሉ፤ እሱን ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ማየት ይቻላል። የጤናው ምክር ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው፦ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ከ65 ዓመት በላይ ያለ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ አስም ወይም የልብና የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በፌር ወቅት ወደ አሳማ ባይጠጋ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሜሪላንድ ውስጥ በሦስት የካውንቲ ፌሮች ከአሳማ ወደ ሰው የተላለፈ ኢንፍሉዌንዛ ታይቶ ነበር። ከፌሩ በተመለሳችሁ በቀናት ውስጥ ትኩሳትና ሳል ከመጣ ለሐኪሙ ፌር መዋላችሁን ንገሩት።

ምሳ

በጾም ለሚውል ሰው የፌር ምግብ ይጠብባል፣ ግን አለ። የተጠበሰ በቆሎ ዋናው ነው፤ ቅቤ ቀብተው ስለሚሰጡ «ያለ ቅቤ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሐብሐብ፣ ፈንዲሻ፣ እዚያው የሚጨመቅ የሎሚ ውኃ አለ። የድንች ጥብስ ስታዙ በዘይቱ ሌላ ምን እንደሚጠበስበት ጠይቁ፤ በዱላ ላይ የሚሸጠው የተጠበሰ ቋሊማ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት፣ ዘይቱም አንድ ሊሆን ይችላል። ይህ ለሐላል ጠባቂም ያው ነው። ስኳር የሚነሰነስበት ፈነል ኬክ እንቁላልና ወተት አለበት።

የተሻለው ከቤት መያዝ ነው። የምስር ሳምቡሳ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ በቴርሞስ ሻይ ያዙ። ወደ ውስጥ ማስገባት ካልተፈቀደና ወጥቶ መመለስ ከተቻለ መኪናው ዘንድ ሄዳችሁ ብሉ። ቤተሰቡም ከፀሐይ አረፍ ይላል። ምግቡን የበረት ሽታ በሌለበት ቦታ፣ እጅ ከታጠበ በኋላ ብሉ።

ከሰዓት በኋላ፦ መጫወቻ

ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ልጆቹን ወደ መጫወቻ ልቀቋቸው። የቁመት ልኩን በር ላይ አስለኩ፣ ከልጅ ጋር አንድ አዋቂ ይመደብ። አያቶች ከሌላው አዋቂ ጋር ማቀዝቀዣ ወዳለበት የኤግዚቢሽን አዳራሽ ይግቡ። ነጎድጓድ ከተሰማ መጫወቻው ስለሚቆም ሁሉም ወደ አዳራሽ ይግባ።

አዳራሹን እያያችሁ የከርሞውን አስቡ

አዳራሹ ውስጥ የተደረደረው የጎረቤቶቻችሁ እጅ ሥራ ነው፦ ዳቦ፣ ማር፣ በማሰሮ የታሸገ አትክልት፣ ጥልፍ፣ ፎቶግራፍ፣ ቲማቲምና ቃሪያ በሳሕን ላይ። ለመወዳደር ገበሬ መሆን አያስፈልግም። ሞንትጎመሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ 93,000 ኤከር መሬት፣ ከካውንቲው ሲሶ የሚሆነውን፣ ለእርሻ ብቻ ከልሎ ያስቀመጠ ካውንቲ ነው። አዳራሹ ግን በረንዳው ላይ ቃሪያ ለተከለም ክፍት ነው። እኛ ደግሞ በየጓሮው ጎመንና ቃሪያ የማይተክል የለንም። ሰፌድ የሚሰፉ፣ ጥለት የሚጠልፉ፣ ድፎ ዳቦ የሚደፉ እናቶችም በየቤቱ አሉ፤ ለቡሄ የሚጋገረው ሙልሙል እንኳ በዚያው ሳምንት ነው የሚወጣው።

የተሸለመው ሳሕን አጠገብ ቆማችሁ ዳኛው ምን እንደወደደ አጥኑ። አትክልት ላይ የሚያሸንፈው ትልቁ አይደለም፣ እርስ በርሱ የሚመሳሰለው ነው፤ በሳሕኑ ያሉት ቃሪያዎች በቁመት፣ በቀለምና በብስለት አንድ እንዲሆኑ ያስፈልጋል፣ ጠባሳ ያለበት አንድ ቃሪያ ሌሎቹንም ያስጥላል። የመወዳደሪያ ደንቡ በየዓመቱ ይታተማል፤ በየምድቡ ስንት ፍሬ እንደሚቀርብ፣ ዳቦው ሙሉ ይሁን ወይስ ተቆርጦ፣ ምዝገባው መች እንደሚዘጋ እዚያ አለ። ምዝገባው ፌሩ ከመከፈቱ ሳምንታት ቀድሞ ስለሚያበቃ ከሰኔ ጀምሮ ድረ ገጹን ተከታተሉ።

ልጃችሁ ከእንስሳቱ አልለይም ካለ የፎር ኤችን ጠረጴዛ ፈልጉ። ዋናው አባልነት ከ8 እስከ 18 ዓመት ነው፣ ከ5 እስከ 7 ላሉትም ለብቻው አለ። የሚመራው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን አገልግሎት ሲሆን የካውንቲው ቢሮ ደርውድ፣ በግብርና ታሪክ ፓርኩ ውስጥ ይገኛል። እርሻ የሌለው ልጅ ጥንቸል ወይም ዶሮ ይዞ መጀመር ይችላል። አፓርታማ ለሚኖር ደግሞ ፎቶግራፍ፣ ምግብ ሥራ፣ ስፌትና ሮቦቲክስም አለ።

ቨርጂኒያ ለምትኖሩ ኸርንደን ያለው የፍራይንግ ፓን እርሻ ፓርክ ዓመቱን ሙሉ በነፃ ክፍት ነው፣ በፈረንጆቹ በጋም የፌርፋክስ ፎር ኤች ፌር እዚያው ይካሄዳል። ጾሙ ካለፈ በኋላ መሄድ ለሚሻለው ቤተሰብ ደግሞ የፍሬደሪክ ፌር በመስከረም፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነው።

ለከርሞው እቃ ካስገባችሁ ሲረከቧችሁ የሚሰጧችሁን ቁራጭ ወረቀት አትጣሉት። የእማማ ሰፌድ የሚመለሰው ፌሩ ሲያልቅ በተወሰነው ቀንና ሰዓት፣ በዚያች ወረቀት ነው።